ሞላ

ጉድጓድ ባየች ቁጥር መኪናዬ እጅ መንሳት ከጀመረች፣
አፍንጫዋን ደፍታ፣ ፍርድ ቤት እንደገባች ባለጉዳይ ከሰገደች፣
ይኸው ሁለተኛ ክረምቷን ያዘች።

የዘጌ ኮረኮንች ዓመል አለው።
ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ጣሪያዋን በአናቱ ይለካዋል፤
ረዳቴ ቻላቸው ለጉድጓዱ ሁሉ ስም አውጥቷል፦
አንዷን «ግምገማ»፣ አንዷን «አማቴ» ይላል።
«ያዙ፣ አማቴ መጣች!» ሲል
ሰው ይስቃል፤ ወዲያው ወገቡን ይይዛል።

ይስማው ከሥሯ ገባ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ባትሪ ነክሶ፤
ወጣ፣ እስከ ክርኑ ዘይት ለብሶ።
«ወንድም ዓለም» አለኝ፣ «አሞርዛተሩ አልቅሶ አልቅሶ
እንባው አልቋል፤ የአሁኑ ደረቅ ለቅሶ።
ሞላውም ተኝቷል፤ አይነሳም ተቀስቅሶ።»

ትብለጥ ሱቅ ሄድኩ፣ ከግሽ ዓባይ ወረድ ብሎ፤
ብረቱ እንደ ቋንጣ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ።
የኦርጅናሉን ዋጋ ስትነግረኝ
ጆሮዬ ሳይሰማ ኪሴ ሰማው።
«የዱባይ ሰልባጁስ?»
«እሱ የሰው ወገብ ነው፤ የማን መንገድ እንደሰበረው ማን ያውቃል?»
«የቻይናውስ?»
«ክረምት ያወጣል።»
«ስንት ክረምት?»
ሳቀች። «አንተስ ስንት ታወጣለህ?»

ሞላ ሲጨመቅ ይስማው ወሬ አይወድም፤
ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ
አንድ ቀን ያመለጠው ሞላ የተወለት ናት።
ቡሎኑ ዝጎ እንቢ አለ፤
ዘይት ጠጣ፣ ተመታ፣ በመጨረሻ በእሳት ተቆረጠ።
እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ
መዶሻው ባረፈ ቁጥር ብር እቆጥራለሁ።

ደብተሬ እንዲህ ይላል፦
አሞርዛተር አራት፣ አንዱ በዘጠኝ ሺ አምስት መቶ፤ ሠላሳ ስምንት ሺ።
ጎሚኒ፣ ሺ ዘጠኝ መቶ።
የእጅ ዋጋ፣ ሦስት ሺ አምስት መቶ።
እንቢ ላለው ቡሎን፣ ስድስት መቶ።
ለአላይመንት፣ ሺ ሁለት መቶ።
ሻይ በዳቦ ለይስማውና ለልጁ፣ መቶ ሰማንያ።
ሞላ ሁለት፣ ስምንት ሺ።
ሞላ ብዬ በጻፍኩበት መስመር ላይ
ኪሴ ጎደለ፤ ደብተሩ ግን ይህን አይጽፍም።

እናኑ ድምሩን አነበበች፤ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።
ሃምሳ ሦስት ሺ ሦስት መቶ ሰማንያ፦
የቆርቆሮው ነበር፣ ከነምስማሩ፣ ከነአናጢው።
ክፉ ቃል አልወጣትም።
ሳፋውን አንስታ ወደ በሩ አስጠጋች፤
ጠብታው ቦታ ለውጦ ነበር።

ቅዳሜ ከዘጌ ስንመለስ
ግምገማ አለፈች፣ አማቴ አለፈች፤
ቻላቸው «ያዙ!» አለ፣ የያዘ ግን አልነበረም፤
አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ሥራውን እንደተቀማ ሰው።
ማንም «ምን ተገኘ?» አላለም።
ያልታመመ ወገብ ማን ያስታውሰዋል?
አንዱ አንቀላፋ፤ አንዱ ስልኩን ከፈተ፤
አንዱ መልስ ጎደለኝ ብሎ ተቆጣ።

አትጠገብ ብቻ፣ የእንቁላሏ፣
ዘንባባው ሥር ወርዳ ቅርጫቷን ፈታች።
ሁልጊዜ ስድስት ሰባት ይሰበርባታል፤
ሁልጊዜ ከሒሳቤ ትቀንሳለች።
ጭዱን ገልጣ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤
አንድም አልተሰበረ።
«ዶሮዎቼ ዘንድሮ ጠንክረዋል» አለች፣
ሙሉ ሒሳብ ከፍላኝ ሄደች።
በሳምንት ሰባት እንቁላል፣
ለሃምሳ ሦስት ሺ ስንት ቅዳሜ እንደሚፈጅ
መሪው ላይ በጣቴ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

ሌሊት ዘነበ።
ጣና ሞላ፣ ለመሙላት ለማንም ሳይከፍል።
ሳፋውም ሞላ።
እናኑ በጨለማ ተነስታ ደፋችው፤
በመስኮት መኪናዋን አየቻት፣
ዝናብ እየወረደባት ቀጥ ብላ ቆማለች።
«ክረምቱን ያወጣል?» አለች።
ሞላውን ይሁን ጣሪያውን፣
አልጠየቅኋትም።