እዝባር

የተሳላሚ ሻንጣ ነው፤ ጧፍ አለበት፣ ነጠላ አለበት፣
ከሥር ደግሞ አሥር ሜትር ሽቦ፣ ዳዊት የምታህል ሬዲዮ ተጠቅልላበት።
ልዳ ላይ የፈተሸችኝ ልጅ ሽቦውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ
"ይኼስ?" አለች፣ ፊቷን የዝናብ ቀን አስመስላ።
ደብዳቤዬን አወጣሁ፤ አራት ወር ደጅ የጠናሁበት፣ ባለ ሰማያዊ ማኅተም፤
"እንግዳ ሆኖ ያናግር" ይላል፣ "ለሠላሳ ቀን፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ዘፈን አይለቅም። አይነግድም። ወሬ አያቀብልም።
የሦስተኛ ሰው መልእክት፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ አያደርስም።
ስሙን ሲጠራ አስቀድሞ የእኛን፣ ቀጥሎ እዝባር፣
ከዚያ ወዲያ የራሱን።" ተራዬን ልጠብቅ ከበር።

እዝባር!
ሠላሳ ዓመት ቴሌ ስሠራ ለቀንና ለክፍልፋይ ነበረች፤
እዚህ ግን ስሜ ፊት ቆመች፣
እንደ ዘበኛ አይደለም፤ በትሩን ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ
"ቤቶች!" እንደሚል ሰው፣ ጫማውን ደጅ ጥሎ።

በአራተኛው ቀን ተሳላሚዎቹ ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ
እኔ ደቡብ ልሄድ ተነሣሁ፣ በጠፍ መሬቱ መንገዱ።
እትዬ ጥሩወርቅ ክንዴን ይዘው፣ "በዚያች በምትጮኸው ነገርህ
ደህና ገባን በልልን፣ ልጆቼ ይስሙ፤ ዕድሜ ይስጥህ።"
አቶ ሽመክት ቀጠሉ፣ "ለእኔም ቤት፣ ለጎረቤቴም።"
አሥራ ስምንት ነፍስ ተሰለፈብኝ። ሕጉን ላስረዳ? አልሞከርኩም።

ሚጽፔ ራሞን። ከገደል አፍ ላይ የተቀመጠች፤
ምድር እዚያ ጋ አዛግታ፣ አፏን መዝጋት የረሳች።
ዋልያ መሳይ ፍየሎች ቀንዳቸውን ተሸክመው
ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራሉ፣ የሚገዛው እንደጠፋበት ሰው።

ኦቫድያ ጠበቀኝ፤ አባቱ ከየመን ነው፣ እሱ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር።
አሥራ አንድ ዓመት በነጥብና በሰረዝ ስንነጋገር
ፊቱን አላውቀውም። እጁን ነው የማውቀው፤ ሲቸኩል የመጨረሻዋን ነጥብ እንደሚውጣት፣
ሲከፋው ሰረዟን እንደ ቁስል እንደሚያስታምማት።

ጣሪያው ላይ፣ ከፀሐይ ውሃ ማሞቂያው ጋር አሰርነው ሽቦውን፤
ሌላውን ጫፍ የልብስ ማስጫው ብረት ያዘልን።
ቁልፏን ነካሁ። የእነሱን፣ እዝባር፣ ከዚያ ስሜን።

ጠራሁ። ጠራሁ። አንዱ ከቆጵሮስ መለሰ፣ አንዱ ከኦዴሳ፤
ከዚያ ፉጨት፣ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ጫጫታ፤ ከሥሩ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ።

ትንቢት! ከአዲስ አበባ፣ ከኮሌጁ ክበብ፣ እኔው ያስተማርኳት ልጅ።
የሰማችው ግን የስሜን ግንባር ብቻ ነው፤ ቀሪው ቀረ ከእዝባሯ ደጅ።
"ጌታዬ" አለች በፈረንጅ አፍ፣ "እስራኤልን ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይድገሙልኝ።"
እንዲህ ለስልሳልኝ አታውቅም። ትንሽ ዝም አልኩ፣ ደስ አለኝ።

ደገምኩት። ሰረዜ እንደ ሐረር ከሰዓት በኋላ ትጎተታለች፤
ሦስት ዓመት ስትስቅባት የኖረች።
ስሜን ሳልጨርስ ቁልፏ ተንጣጣ፦
"ጋሼ! እርስዎ ነዎት? እንዴት ነዎት?" ፈረንጅኛው ጠፋ፣ አማርኛው መጣ።

እንዴት ነኝ? ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ ይሰማኛል፤
"አንዲት ቃልም ብትሆን" ይላል።
እንግዳ ነኝ። የሰው ቤት ሕግ አልሰብርም።
ቃል አልጨመርኩም።

"ደህና ነን" አልኳት።

ከ"ነኝ" ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ለወጥኩ፤ እትዬ ጥሩወርቅ፣ አቶ ሽመክት፣
አሥራ ስምንቱም ከነጧፋቸው፣ ከነእርጥብ እግራቸው ተቀመጡባት።

ዝም አለች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። "ነን?" ብላ ጠየቀች።
"ነን።"
"ገባኝ" አለች።
ለማን እንደምትነግር አላውቅም። እሱን ሕጉ አልጠየቀኝም።

ሲመሽ ኦቫድያ ሽቦውን በክንዱ ላይ ጠቀለለው፤
መዝገቤ ላይ ያቺን ዘንበል ያለች ጭረት በጣቱ ነክቶ፣ "በእናንተ ቋንቋ ስሟ ማነው?"
"እዝባር።"
"እዝባ" አለ፤ የመጨረሻዋን ዋጣት።

ያኔ ነው ፊቱን ያወቅሁት።