መስመሩ ላይ ይቆዩ

ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ዊኒፔግ ስትነጣ፣
ወንዙ በቁሙ ረግቶ፣ መብራቱ ሲገረጣ፣
ጆሮዬ ላይ ያድራል የሰው ሁሉ ጣጣ።
"ዘጠኝ አንድ አንድ ነው። ምን ገጠመዎት? የት?"
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ መጠየቅና መስማት።
እኔ አልደርስላቸውም፤ ሌላ ነው የሚሄድ፣
አምቡላንስ፣ እሳት አጥፊ፣ ፖሊስ በየመንገድ፤
የኔ ድርሻ ድምፅ ነው፣ አንዲት ቀጭን ገመድ።

ጸሎትም ነበረኝ፣ እንደ ማመልከቻ፤
ጉዳዩ ተዘርዝሮ፣ የቀረው ፊርማ ብቻ።
ይህን ስጥ፣ ያን አንሣ፣ ይህን ቶሎ ፈጽም፤
ጉዳዬን ነው እንጂ እሱን አልጠይቅም።
እኅቴ ሙሉእመቤት የታመመች ጊዜ፣
ስንቱን ሌሊት ቆምኩኝ፣ ስንቱን በትካዜ።
ሞተች።
ውዳሴ ማርያሙን መሳቢያ ከተትኩት፣
ካለቀ ባትሪ ጋር፣ ከመኪናው ውል ጋር፣ እዚያው ተውኩት።
"የለም" አላልኩም እኔ። "አይሰማም" ነው ያልኩት።
ሁለት ዓመት እንዲሁ።

የከተራ ሌሊት፣ ብርዱ ዐጥንት ሲበሳ፣
ሽማግሌ ደወለ፣ ትንፋሹ የሳሳ።
"ሚስቴ..." አለና ቆመ። "ኦልጋ መልስ አልሰጥ አለች፤
ለነገው ዮርዳኖስ ቀሚስ ስትተኩስ ወደቀች።"
"በጀርባዋ ያስተኟት። መዳፍዎ ደረቷ መሃል፤
በኃይል ይጫኑ።"
"ዐጥንቷ ይሰበራል።"
"ይሰበር። አይቁሙ። እኔም አብሬዎት አለሁ፤
መስመሩ ላይ ይቆዩ፤ እርስዎ ሲጫኑ እቆጥራለሁ።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
በረዶው መንገዱን ዘግቶት፣
አምቡላንሱ ዘገየ። እንደገና፤ አንድ፣ ሁለት።

መሃል ላይ ሰውዬው ቁጥሬን ጣለውና፣
በአያቶቹ ዩክሬንኛ ቀጠለ እንደገና፦
"ሆስፖዲ ፖሚሉይ። ሆስፖዲ ፖሚሉይ።"

ቃሉን የት ሰምቼው? ምቱን ግን ዐውቃለሁ፤
በአባቴ ጣት አንጓ ላይ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤
አርባ አንድ እስኪሞላ አውራ ጣቱ ሲዞር፣
"እግዚኦ መሐረነ" ሲል፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ሲቆጥር።
ከጠረጴዛው ሥር እጄን ማንም ሳያዘው፣
አንጓ በአንጓ እየሄደ ቆጠራውን ያዘው።
አፌ "አንድ፣ ሁለት" ይላል፣ ደንቡ ነውና፤
ጣቴ ግን የያዘው ሌላ ነው ጎዳና።

"ሃያ ስድስት ደቂቃ" ይላል መዝገቡ።
ከዚያ በር ተንኳኳ፤ ሰዎቹ ገቡ።

አልተረፈችም።
ተአምር የጠበቃችሁ፣ ይቅርታ፤ የለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት አስፈልጎ አገኘኝ።
"ቀበርናት" አለ። "ላመሰግንሽ ነው።" "ምን አደረግሁኝ?
እኔ እንደሁ አልደረስኩ፤ አልረዳሁዎ ምንም።"
"አልዘጋሽም" አለኝ። "ስልኩን አልዘጋሽም።"

በጧቱ አውቶቡስ፣ ጫማዬ ላይ የመንገድ ጨው ደርቆ፣
ያ ቃል አብሮኝ ሄደ፣ ከጎኔ ተጣብቆ።

ካርታው ያሳየኛል፤ ደዋዩ ሳይናገር
ትበራለች ነጥቧ፣ ከነቤቱ ቁጥር።
እያወቅሁ እንዲያውም "የት ነዎት?" እላለሁ፤
ያለበትን ሲናገር ሰው ሲረጋ አይቻለሁ።
በገነት ዛፎች መሃልስ፣ "አዳም፣ ወዴት ነህ?" ያለው
ቁጥቋጦ ጋርዶት ነው? ጠፍቶት ነው የጠራው?
ለካ ያወቀውን ላሳውቀው አልነበር፤
ስልኩን የዘጋሁ እኔ፣ እሱ ወዲያ ማዶ ሲቆጥር።

የሙሉእመቤት ነገር አሁንም አልገባኝም።
እሱም አልነገረኝ፤ እኔም ገና አልተውኩለትም።
መሳቢያው ግን ተከፍቷል።
አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ፤
ጉዳይ ሳላነሣ፣ እሱን ብቻ ልጠይቅ።
ውጭ በረዶ ጠራጊው አስፋልቱን ይፍቃል።
ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ ስምንት። ዐይኔ ይከደናል።
ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ጣለኝ ካልጋ፤
አሜን ሳልል ተኛሁ፣ መስመሩን ሳልዘጋ።