አርባ አንደኛው ቡሽ

አባቴ ያወጣልኝ ስም ወይንሸት ነው፣
የወይን ሐረግ ግን በዓይኑም አላየው።
እኔም ከቦዬ ማዶ በቤተ ሙከራ
አራት ክረምት አለፈኝ ከቡሽ ጋር ስሠራ።

ቡሽ ማለት ቅርፊት ነው፣ የባሕር ማዶ ዛፍ፣
በየዘጠኝ ዓመቱ በመጥረቢያ ሲገፈፍ
አይሞትም፤ እርቃኑን ቀይ ሆኖ ይቆማል፣
ቀስ ብሎ ዳግመኛ ያንኑ ይለብሳል።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ።
አይገባም፣ እውነት ነው።
ጨርሶ የታፈነ ወይንም ግን ይኮመትራል፤
ከፀጉር የቀጠነ ትንፋሽ ይፈልጋል፣
ያን ትንፋሽ መለካት ነው እንጀራዬ።

ጣጣው ሌላ ነው። ከመቶው አንዱ ላይ
ሻጋታ ይተኛል ለዓይን የማይታይ፤
ጠርሙሱን ስትከፍተው፣ የሠርጉን ቀን ወይን፣
የሚሸትህ ማር አይደል፣ የራሰ ካርቶን።
ለይቶ የሚያውቀው ማሽን ነበረን፣
መብራት የሄደ ዕለት አብሮ ሄደብን፣
መለዋወጫው ገና መርከብ ላይ ነው አሉን።

ነጂብ አባዱራን ለመንን ከሂርማታ፣
ሠላሳ ዓመት ያህል ጠዋትና ማታ
የቡና ናሙና ሲያሸት የኖረ፣
ጆንያው ሳይፈታ ጉዱን የነገረ።
«እኔ ወይን አልቀምስም» አለን ከበራፉ፤
«አፍንጫ ነው የፈለግን፣ ፆም ይደር አፉ!»

ሦስት እግር በርጩማ ከቤቱ አምጥቶ፣
እጁን በውሃ ብቻ፣ ሳሙናን ፈርቶ፣
ቡሽ ያደረበትን ውሃ አንድ በአንድ አነሳ፤
መቶ ብርጭቆ፣ አንዱንም ሳይረሳ።

አርባኛውን አለፈ።
አርባ አንደኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ።
«ይሄ» አለ፣ «አወይቱ የሞላ ዓመት
ጎርፉ ከእናቴ ቤት ወጥቶ ከሄደ በኋላ
ከሣጥኗ ሥር የቀረው ሽታ ነው።»
ሌላ አልጨመረም። ወደ አርባ ሁለት ሄደ።

ማሽኑ በጥር ተነሳ። ውጤቱ በወረቀት፦
አርባ አንድ «ንጹሕ» ነው፣ ተፈርሞበት።
ነጂብ ሰምቶ ሳቀ፤ «ጉንፋን ይዞት ይሆን?»
አለቃዬ ግን ለማሽኑ ፈረደ፣ ዝም አልን።

እኔ በድብቅ አርባ አንድን አደረቅኩት፣
በአንድ የማር ወይን ጠርሙስ አፍ ወተፍኩት፣
ቀኑን ጽፌ ከመደርደሪያው ጀርባ አጋደምኩት።
ስድስት ወር።
ሐምሌ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ
ከፈትኩት።
የራሰ ካርቶን።
የነጂብ እናት ሣጥን።

በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅኩት ቡሹን፤
ማሽኑ የቀመሰው ጫፍ ጫፉን ኖሯል፣
ነቀርሳው መሐሉ ላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እንደ ትኋን።

ጭቃውን እያቦካሁ ሂርማታ ወረድኩኝ።
ነጂብ አልተገረመም። ከሱቁ ደጅ ቆሞ፣
የዝናቡን ውሃ ከጫማዬ ሲወርድ እያየ፣
«ወይኑንስ ምን አደረግሽው?» አለኝ።
«ደፋሁት» አልኩት።
«ደግ አደረግሽ» አለ።
ትንሽ ቆየና፣ በዝግታ፣
«ማሩ ግን ያሳዝናል።»