ይጠብቃል፣ ይላላል

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤
ፀሐዩ ከቆርቆሮው ባንድ ስንዝር አልበለጠም።
ከሱፍ ነጋዴው በላይ፣ በሚንቋቋ ደረጃ፣
ስቱዲዮዋ አንድ ክፍል፤ የመንዝ ባና መጋረጃ፣
በግ በግ የምትሸት።
«ድምፅ እንዳይመልስ ነው» አለኝ ልጁ፣ ናሁሠናይ፤
ማዳመጫ ደፋልኝ የቀዘቀዘ ጆሮዬ ላይ።

እጄ ላይ የወፍጮ ቤት ደረሰኝ፤ ፊቱ ገብስ፣ ሃያ ኪሎ፤
ጀርባው ግጥም፣ ባባቴ እርሳስ፣ ከዱቄት ጋር ተንከባሎ።
ወፍጮው ሞላሌ ነበር፤ አባቴ ሂሳብ ያዥ፣
ሚዛን ላይ እጁ ፈጣን፣ ሰው ሲያናግረው ፈዛዥ፤
ሞተሩ ዱክ ዱክ ሲል በሆዱ ሲያንጎራጉር፣
ሽበት መስሎ የኖረ ዱቄት ያረፈበት ጠጉር።

ዘፋኞች ይመጡ ነበር፣ ክረምት ሲወጣ፣ ባውቶቡስ፤
አንዱ ቢራ ይጋብዘዋል፣ አንዱ ለኔ አንድ ልብስ።
በካሴት ሆኖ ሲመጣ፣ ሽፋኑን ገልብጠን ስናይ፣
«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል ከታች፣ በደቃቁ።
አባቴ ይስቃል፤ «እኔስ ሕዝብ አይደለሁ ወይ?»

ከሁሉም የገነነው፣ ሠርግ ያለሱ የማይደምቀው፣
የላሟ ዘፈን ነበር፣ ሰው በሳቅ የሚጠብቀው፦

    ላሟን ከላሜ ጋር አቁማ አሳየችኝ፤
    እኔም ምን ቸገረኝ፣ በለጠች አለችኝ።

ቀልድ ነው። ጎረቤት ናት፣ በላሟ ጡት የኮራች፣
«የኔዋ በለጠች» ብላ ለድሃው የነገረች።
እኔ ግን ስሜ በለጠች ነው። በሞላሌ ትምህርት ቤት
«እምቧ!» ይሉኝ ነበር ልጆቹ፣ በሰልፍ ላይ፣ በመምህር ፊት።
አንድ ቀን ደብተሬን ወርውሬ «ስሜን ለላም ሰጠህ?» አልኩት።
እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ፣
«ፊደል ቆጥረሽ የለ? አንብቢው» አለኝ፤ አነበብኩት።
ያው ላም።

ሞተ ባምናው ፍልሰታ። ለቅሶው ላይ ያው ዘፈን
ካንድ ሰው ስልክ ጮኸ፤ ደንግጦ «ይቅርታ» አለን።

ዛሬ በኔ ድምፅ ይሁንለት ብዬ ብርዱን ጥሼ መጣሁ፤
ናሁሠናይ «ምት ልስጥሽ?» ሲል፣ «ተወው፣ ይዤ ነው የመጣሁ»፤
በእግሬ ወለሉን መታሁት፣ ዱክ ዱክ፣ እንደ ወፍጮው።
አንዴ ዘፈንኩ። «ቆንጆ ነው።» ሁለቴ። «ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»
ሦስተኛው ላይ ብርዱ ገባ፤ መንጋጋዬን ጨመደደኝ፣
ምላሴ ለ ላይ ረገጠ፣ ሳላስበው ከበደኝ፤
በለጠች፣ አልኩ፤ ቀጥዬም፣ ለ ጠብቆ፣ አለችኝ።

ናሁሠናይ አቆመው። «ለ ጠበቀብሽ፣ እንመልስ፤
ሰው የሚያውቀው ላልቶ ነው።»
እኔ ወረቀቱን አየሁ። በወረቀት ላይ ለ ለ ነው፤
አይጠብቅም፣ አይላላም፣ አፍ እስኪደርስ ዝም ያለ ነው።
ጎረቤቷ የት ሄደች? ላሞቹ ከደጃፍ የሉም።
ባንዲት ከሲታ ላም አጠገብ የቆመ አንድ ሰው፣
ምን ቸገረኝ የሚል።
ሠላሳ ዓመት በየሠርጉ ስንቱ ጨፍሮበታል፤
ሠላሳ ዓመት እኔ ራሴ ስሰማው አፍሬበታለሁ።

«አትመልሰው» አልኩ ልጁን። «እንደ ጠበቀ ተወው።»
ማሲንቆ መቺው አንገቱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን
ወይ በርዶት፣ አላወቅሁም።

ሲጨርስ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ «ግጥምና ዜማ የማን ልበል?»
«የሀብተየስ» አልኩት።
ጣቱ ቆመ። «በየትኛው ሀ ነው?»
ሃሌታው? ሐመሩ? ብዙኃኑ?
እኔ እንጃ። ከረጢት ሙሉ ደረሰኝ ቤት አለኝ፣
አንድ በአንድ ገልብጫለሁ፤ ባለ ገብሱ ስሙ አለ፣
ባለ ባቄላው፣ ባለ ስንዴው፣ ዕዳ ያለበት፣ የከፈለ።
የራሱን ስም አንድም ቦታ ጽፎት አላየሁም።

ስክሪኑ ላይ ያቺ ቀጭን ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፤
ናሁሠናይ እኔን ያያል፤ እሷም ትጠብቃለች።