አሥራ አራት

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ ሽምብጥ መንገድ ዳር፣
ከዘንባባ ጥላ፣ ከአንድ ሣጥን ጋር።
ዕውቀቴ ይኸው ነው፦ የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሬ
አረፋውን ማየት፣ ቀዳዳውን ማግኘት፣ መለጠፍ አሻክሬ።

ልጄ ፍኖት ግን፣ ስድስት የሞላት ለመስቀል፣
የጎማውን ሽቦ በጣቷ እየነካች፣ ሥራዬ እስኪስተጓጎል፣
"አባ፣ ለአንድ ጎማ ሠላሳ ስድስት ሽቦ ካለው፣
ዛሬ የጠገንከው ስንት ሽቦ ሆነ?" ትላለች፤ እኔ የት አውቀው!
ቀድማኝ ትመልሳለች። ደግሞ ሌላ ታመጣለች፦
"ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር የት ነው ቤቱ?" ብላ ታፈጣለች።

እናቷ ይታይሽ ዓሣ ትሸጣለች፣ ቆረሶና አምባዛ፤
የዱቤ ደብተሩን የያዘች ፍኖት ናት፣ ማን በስንት እንደገዛ።
አንድ ማታ ይታይሽ፣ "ይበልጣል፣ የዚች ልጅ ነገር
ከኛ አቅም በላይ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ እንናገር።"

ሄድን።
እኔ በሠርጌ ኮት፣ እሷ በነጭ ነጠላ።
ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ ሙሉሰው፣ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ሳቡልን ከኋላ።
"ዕድሜ አይዘለልም" አሉን፤ "መመሪያው ግልጽ ነው፤
ሦስተኛ ክፍል ባስገባት፣ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ምን ላድርገው?
ክፍሏ ውስጥ ስድሳ ሰባት ልጅ አለ፤ መምህሯ አንድ ናት፤
ስድሳ ስድስቱን ትታ ለአንዷ ምን ታድርግላት?
ደግሞስ" አሉ፣ ከመሳቢያ ወረቀት አውጥተው፣
"ከአሥር አራት ነው ያገኘችው።"

አየሁት። ሰባት ሲደመር ስምንት፣ አሥራ አራት ይላል።
የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ማን ይክዳል?
ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም። እኔም ዝም።
ስሜ ይበልጣል ነው፤ ከማን እንደምበልጥ ግን አባቴ ነግሮኝ አያውቅም።

ስንወጣ ዘበኛው፣ ጋሼ ቢያድግልኝ፣ "በዕረፍት ሰዓት
እዚህ ናት፣ ከኔ ዘንድ" አሉን፤ "ገበጣ አስተማርኳት።
ሦስት ሳምንት ስታሸንፈኝ ከርማ፣ ትናንት ተሸነፈችልኝ፤ አዝና ነው፣ ለኔ።
አወቅኩባት። ዝም አልኩ። ምን ልበላት እኔ?"

አመሻሽ ላይ በብስክሌት፣ ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጫት፣
ሐይቁ ዳር አቆምኩ። "ሰባትና ስምንት ስንት ነው?" አልኳት።
ፔሊካኖቹን እያየች፣ "አሥራ አምስት" አለች፣
እንደ ተራ ነገር፣ እንዲያውም እየሰለቸች።
"ታዲያ ፈተናው ላይ?"
"ወለላ አሥራ አራት ብላ ነበራ፤
እኔም እንደሷ ስል፣ ደስ አላትና ተቀመጠች ከኔ ጋራ።"

ሽማግሎች ሲሉ እሰማ ነበር፣ ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ
አይቀላቀልም፤ ይወጣል፣ የራሱን መንገድ ከፍቶ።
ልጅ ሆኜ፣ ይህ ወሬ ኩራት ይመስለኝ ነበር፤
ያን ቀን ውኃውን ሳይ፣ መጣብኝ ሌላ ነገር፦
ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ውኃ መሃል፣
ማንንም ሳይነኩ ማለፍ፣ እንዴት ይከብዳል!

ሰኞ ብቻዬን ተመለስኩ። ኮቱን ትቼ፣ በሥራ ልብሴ፣ በግራሶ እጄ።
መምህሯ ባንቺአምላክ ጠመኔዋን ይዛ ሰማችኝ፦ "ክፍል አትዝለል ልጄ፤
ከነወለላ አትለይ። ብቻ አሥራ አምስት ስትል
ፈርታ እንዳትደብቀው፣ 'ጎሽ!' የሚላት አንድ ሰው ይገኝላት፣ ቢቻል።"

ዝም አለች። ቆየች። "ቃል አልገባም" አለች፤
"ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ እኔ ጋር ናት፤ ትምጣ። ወለላንም ታምጣት፣ ከፈቀደች።"
ከዚያ፣ እንደ ማፈር ብላ፦ "የኔም ጎማ ይተነፍሳል..."

አሁን የመምህሯን ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣
አረፋ እጠብቃለሁ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።
ፍኖት ከጎኔ ቁጢጥ ብላ፦ "አባ፣ ዓባይ ካልተቀላቀለ፣
ዓሦቹ ድንበሩን በምን ያውቁታል?" አለች፤ እጄ ቀዳዳው ላይ እንዳለ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።
"ሐሙስ ጠይቂያት።"