መረብ ጠጋኟ

ሥራዬ መረብ መጠገን ነው፤ በኬዮን ወደብ ዳር፣
ዝናብ ቀጠሮ በማያከብርበት፣ በቺሎዌ ምድር።
አባቴ ያወረሰኝ አንድ ቋጠሮ ነው፣
ውሃ በጠጣ ቁጥር ክር ክሩን የሚያንቀው።

ልጄ ያኔት ናት፣ ለእረፍት ስትመጣ ከትምህርት ቤት፣
"ሌላም መረብ አለ፣ እማ" ብላ ገጽ የከፈተችልኝ አንድ ሌሊት።
ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ የት እንደምኖር፣ ምን እንደምወድ፤
በሃምሳ ዓመቴ ምን እንደምወድ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ዘመድ።

በሦስተኛው ሌሊት ወንድሜን አገኘሁት።
ሮሳሜል ለሸርጣን ሥራ ወደ ፑንታ አሬናስ ከሄደ
አሥራ ሁለት ዓመት። የእናታችን መርዶ እንኳ ግማሽ መንገድ ቀረ እንጂ እሱ ጋ አልወረደ።
ሸብቷል። ሆዱ ገፍቷል። ሁለት ልጆች ትከሻው ላይ፤
የአባቴን አፍንጫ በጣቴ ዳሰስኩት፣ በትንሿ ልጅ ፊት ላይ።
"አንቺ ነሽ?" አለኝ። "እኔ ነኝ" ለማለት ፊደል በፊደል ስለቅም
ጎህ ቀደደብኝ። ያን ሌሊት የሰጠኝን ዛሬም አልክድም።

ከዚያ እኮ ነው ሌላው የመጣው።
ያለቀ መረብ ለጠፍኩ፣ ሰማያዊ ክር፣ ጀርባው ባሕር፤
ሦስት መቶ ሰው ወደደው። መንደራችን በሠርግም በቀብርም ያን ያህል ሰው አይቆጠር።
ከቫሌንሲያ አንዲት ሴት "ውብ እጆች" አለች፤
በብርድ የተሰነጣጠቀውን መዳፌን የት አየች?
መርፌዬ ቀስ በቀስ ለብርሃን መሥራት ጀመረ፤
የአባቴ ቋጠሮ ለዓይን አይማርክምና ተቀየረ።
ዶን ኤራልዶ መረቡን ይዞ ወጥቶ ባዶውን ተመለሰ፤
"ዓሣ ፎቶ አይወድም፣ ሴትዮ" አለኝ፣ የተፈታውን ክር እየዳሰሰ።

ባሕሩ የቀላ ዓመት፣ ቅርፊት ያለው ሁሉ መርዝ ሆነ፤
መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፤ ማታ ማታ ስልኩም አብሮ በነነ።
ገሚሱ "የሳልሞን ፋብሪካው ነው" ይላል፤ የገሚሱ ደመወዝ ከዚያው ነው።
እኔም ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም፤ ስም አለመጥራትን የመሰለ መጥራት የለም።
ኤርሲሊያ፣ አጥር የምንጋራው፣ ባሏ የፋብሪካው ዘበኛ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም አላለችኝም።
ስድሳ አራት ሰው ጽሑፌን ወደደ፤
ከአጥሬ ማዶ አንድ መጋረጃ ወረደ።

ሮሳሜል ሲሞት መርዶ ነጋሪ አልመጣ፣ ማንም በሬን አልመታ፤
በሚሸጥ ወንበርና በአንድ ድመት መሐል ሻማ አየሁ፣ ከስሙ በላይ በርታ።
በዓመቱ ስልኩ ጮኸ፦ "ዛሬ የሮሳሜል ልደት ነው፤ መልካም ምኞትሽን ግለጪለት።"
ገለጽኩለት።
"እንኳን ተወለድክ" አልኩት፤ ውሸት አይደለም፣ እንኳንም ተወለደ።
ሌላ ስድስት ሰው "መቶ ዓመት ኑር" ብሎት ሄደ።

ስልኩን ከመርፌዎቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።
ገጹን አልዘጋሁም፤ ወንድሜን ሁለቴ መቅበር መስሎኝ ፈራሁት።
መረብ እኮ፣ ይህ ጣቴ እንደሚያውቀው፣
ቀዳዳ ነው፤ ክሩ ቀዳዳውን እንዳይበተን የሚያስረው።
ጫጩት ዓሣ የማያሳልፍ ጆንያ ነው፣ የከርሞንም ይጨርሳል፤
እኔ ያን ሁሉ ዓመት ቀዳዳ አልነበረኝም፤ ሁሉ ይገባል፣ ሁሉ ይሸታል።

አሁን እሑድ እሑድ አወጣዋለሁ፤ አያለሁ የባሕሩን ሙላትና መጉደል፣ የጀልባውን ሰዓት፣
የሮሳሜል ልጅ ስለ እርግዝናዋ የጻፈችልኝን፤ ከዚያ መልሼ እከተዋለሁ፣ ከነዝምታው፣ መርፌዎቹ ካሉበት።

ባለፈው ሐሙስ በር ተመታ። ኤርሲሊያ፣ ጫማዋ ጭቃ፣
"ነገ ጀልባ የለም፣ ነፋስ ነው። ስልክሽ ላይ ብጽፍ ዝም አልሽ" አለች፣ ደጅ ቆማ፣ ተጨንቃ።
ሰባት ዓመት ነው። ሁለታችንም አላነሳነው።
በመሐረብ ድንች ቋጥራለች። "ግቢ" አልኳት፤ ወንበሩን የያዘውን መረብ ሰበሰብኩት፣
ጫፉን ያዘችልኝ፤ የአባቴን ቋጠሮ አሰርኩት።
ይሄስ ፎቶ ነበር፤ ዝናቡ፣ ድንቹ፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ክር። ከአፌ ግን ቃል አልወጣ፤
እጄ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ ሄዶ መቀስ አወጣ።