ደቻቱ በሦስት ግራም

ዘበኛው ሙሜ በር ሲከፍት ይስቃል፤
«የአይጥ ሞግዚት መጣች» ይላል።
ይበል።
ሳቢያን የቀኑን ሙቀት ከግድግዳዋ ሳታወጣ
ነጭ ካፖርቴን ደርቤ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ እገባለሁ፤
አርባ የአይጥ ግልገል እቆጥራለሁ።

የአምስት ቀን ልጆች ናቸው፣ ፀጉር የሌላቸው፣
ዓይን ያልገለጡ፤ ሦስት ግራም ነው ክብደታቸው።
በሆዳቸው ስስ ቆዳ ሥር የጠቡት ወተት ያበራል፣
እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ሆኖ ይቆጠራል።
ጀርሙን የወጋኋቸው እኔ ነኝ።
መርፌዋ ቀጭን ናት፤ ክብደቷ እኔን ነው የተጫነኝ።

ደቻቱን የሚያውቅ ይህን በሽታ ያውቃል።
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ፍየል ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይለጋበታል።
እዚህ ጠብታ ሳይጥል፣ ሰማዩ እንደጠራ፣
ሌሊት ከደጋው ይመጣል፣ ግንድና ድንጋይ እየመራ።
የጨቅላም ደም እንዲሁ ነው።
ጀርሟ ጥቂት ናት፤ ቤቱን የሚያፈርሰው
ሰውነት ራሱን ሊያድን የለቀቀው ጎርፍ ነው።

ለሃያው አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጠሁ፤
ለሃያው ብግነት የሚያበርደውን ጨመርሁ።
«ግንቡን አታብዢው» ትለኛለች ዶክተር ኢፍቱ፣
«ውሃው ጨርሶ ከቀረም ጀርሟን የሚጠርግ የለም፤
እዚያ ላይ ነው ብልሃቱ።»

በየሁለት ሰዓቱ በጀርባቸው አስተኛቸዋለሁ፣
ሰዓት ይዤ እጠብቃለሁ።
የሚድን ይገለበጣል።
የማይድን እግሩን ወደ ጣሪያው እንዳነሣ ይቀራል፤
ሮዝ ቆዳው አመድ ይመስላል፣
የሩዟ ፍሬም ትጠፋለች። መጥባት ትቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
በመዳፌ፣ በትንፋሼ አሞቅኋቸው።
ድሬ ተቀምጦ ለብርድ መስጋት!
ሙሜ ቢያይ ይስቅ ነበር፣ አላየም።
ማዶ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ቀድሞ ተነሣ፤
በራ የጨቅላዎች ክፍል መስኮት።
ሆዳን እዚያ ናት። ልጇ ነገ ሰባት ቀኑ፣ ስም የሚወጣበት።
«ያ የምትሞክሩት ለእኔስ ልጅ አይሆን?» አለችኝ ትናንት።

በአንዱ ረድፍ አሥራ አምስት ቆመዋል፣ በሌላው ዘጠኝ።
አይጥ ናቸው፣ ሆዳን። አይጥ።
ስንቱ መድኃኒት አይጥ አድኖ
ሰው ደጃፍ ሲደርስ እንደቀረ እንዴት ልንገርሽ? ቃሉ አነቀኝ።

ከመጋላ በኩል አዛን ተሰማ።
ቁጥር አሥራ ሰባትን በጀርባዋ አስተኛኋት።
አሥር ቆጠርሁ። ሃያ።
ትከሻዋ ተነቃነቀ፣
አንድ እግሯ አየሩን ቧጠጠ፣
በጎኗ ሆነች፣
እዚያው ቆየች።

መዝገቡ ላይ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፦
ተገለበጠ፣ አልተገለበጠ።
በጎን ላለች የሚሆን ሳጥን የለም።
እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ
ማዶ መስኮቱን አየሁ።